ልጇን ቤት ያስቀረች መምህርት

ደባርቅ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በዚህ ሥራ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ሰው የመንግሥት ትምህርት ቤትን ሲያማ ደስ አይለኝም፤ እከራከራለሁ። እንዲህ እየተከራከርኩ የኖርኩ ሰው፣ ትምህርት ቤታችን ከረጅም መዘጋት በኋላ የተከፈተ ጊዜ፣ በየቤቱ እየዞርኩ የሰውን ልጅ አስመዝግቡ እያልኩ የራሴን ልጅ ሦስት ወር ሙሉ ቤት አስቀረኋት። ለምን እንደቀረች ሲጠይቁኝ «ታማለች» አልኩ። አልታመመችም ነበር።

መዘጋቱን ያገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ተኩሱ ሲጀምር መጀመሪያ «ለሳምንት ነው፣ ነገሩ እስኪረጋጋ» ተባልን። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ዓመት ዘለለ። እኛ አስተማሪዎች ለጥቂት ጊዜ በየጠዋቱ ሄደን እየፈረምን እንመለስ ነበር። ባዶ ክፍል ከፍቶ መዝጋት ሰው ያደክማል። በኋላ እሱም ቀረ።

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሦስተኛ ክፍልን ጨርሳለች። ባለቤቴ አናጺ ነው፤ የሥራ ቦታው ከቤታችን ጋር የተያያዘች፣ በመንገድ በኩል በር ያላት የቆርቆሮ ክፍል ናት። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የሱቅ መደርደሪያ ይሠራል። ትምህርቱን ያቋረጠው ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። ግራኝ በመሆኑ የግራ እጁን ጣቶች በማስመሪያ እየመቱ በቀኝ እንዲጽፍ ያስገድዱት ነበር። አንድ ቀን ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። እንደዚያም ሆኖ አስተማሪ የሚጠላ ሰው አይደለም። አስተማሪ ስላገባ ጓደኞቹ ሲቀልዱበት «እሷ በማስመሪያ አትመታም» ይላቸዋል።

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ልጄን ቤት ውስጥ ላስተምራት ተነሳሁ። ካርቶን ላይ የክፍለ ጊዜ ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፤ ጠዋት አማርኛና ሒሳብ፣ ከእረፍት በኋላ እንግሊዝኛ። ሁለት ሳምንት አልዘለቅንም። እኔ እንደ ክፍል ውስጥ እጮሃለሁ፣ እሷ ታለቅሳለች። አንድ ቀን አባቷ ለቅሶዋን ሰምቶ መጣና «ትንሽ ወደ እኔ ትምጣ፣ ጣውላ የሚይዝልኝ አጥቻለሁ» ብሎ ወሰዳት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላቀድኩትም። ልጄ ግማሽን፣ ሩብን፣ አንድ ስምንተኛን በሜትር ተማረች። አንድ በር ስንት ጣውላ እንደሚፈልግ፣ ከጣውላው ስንት ተቆርጦ እንደሚተርፍ እያሰላች አባቷ ምልክት ከማድረጉ በፊት ትነግረዋለች። ያዘዘውን ሰው ስም፣ የመስኮቱን ወርድና ቁመት በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ትመዘግባለች። የኮላ ጣሳ ላይ ያለውን ጽሑፍ ታነባለች፤ መስታወት የተጠቀለለበትን አሮጌ ጋዜጣ ታነባለች፤ ኮሌጅ ሳለሁ የተማርኩባቸውን መጻሕፍት አውጥታ ያልገባትን ይዛ ወደ እኔ ትመጣለች። የጽድ እንጨት ሽታው ለምን ቶሎ አይለቅም? ክረምት ላይ የተሠራ በር በጋ ላይ ለምን ይላላል? ግማሹን አላውቀውም ነበር፤ አብረን እንፈልገዋለን። ክፍል ውስጥ እያለች ካርዷ ላይ በየሴሚስተሩ የሚጻፍላት «ጸባይዋ ጥሩ ነው፣ ዝምተኛ ናት» የሚል ነበር። እኔም ዝምተኛ ትመስለኝ ነበር።

ያ ዘመን ለብዙ ሰው የመከራ ዘመን ነበር። ለእኔ ግን፣ ለመናገር ያሳፍረኛል እንጂ፣ በእናትነቴ ደስ ካሉኝ ጊዜያት አንዱ ነው።

አጥር የምንጋራት ጎረቤት አለችኝ። ባሏ ቆላ ወርዶ እየሠራ በዓመት በዓል ብቻ ነው የሚመጣው። እሷ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ገበያ ትሸጣለች። የመጀመሪያ ልጇ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አምስተኛ ክፍልን ጨርሳ ስድስተኛ ልትገባ ስትል ነው የተዘጋው። ልጅቱ አንዳንድ ቀን ወደ እኛ ብቅ ትልና ሰጋቱራው ላይ ከልጄ ጋር ተቀምጣ ታነባለች። ፈጣን ነበረች። አንድ ቀን እናቷን «በቀን አንድ ሰዓት ትምጣና ከልጄ ጋር ላስተምራት» አልኳት። ደስ አላት። ሦስት ሳምንት ያህል መጣች። ከዚያ ታናናሾቿን መጠበቅ፣ ቦኖ ተሰልፎ ውኃ መቅዳት፣ እናቷ ገበያ ስትውል ቤቱን መያዝ አለባትና ቀረች። ለምን እንደቀረች አልጠየቅኩም። እኔ የራሴን ይዤ ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ትምህርት ቤቱ ሊከፈት እንደሆነ ተነገረን። ስብሰባ ተጠርተን የቤት ለቤት ምዝገባ ተመደብን። ምሳ ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት።

«ጥሩ ነው» አለ። «ሥራሽን ትጀምሪያለሽ።»

«እሷስ?»

«እሷ ምን ጎደለባት?»

«ጓደኛ የላትም። ካርድ የላትም። ዝም ብላ ስታድግ ምን ብላ ነው የምትፈተን?»

እንጀራውን ቆርሶ ትንሽ ያዘውና «ክፍልሽ ውስጥ ስንት ልጅ ነበር?» አለኝ።

«ታውቀዋለህ። ከሰማንያ በላይ ነበሩ።»

«የስንቱን ደብተር ታዪ ነበር? እውነቱን ንገሪኝ።»

ወጡን ወደ እሱ አስጠጋሁለት።

«የስንቱን ስም ታውቂ ነበር?»

«የሁሉንም አውቃለሁ» አልኩ። ይሄ እውነት ነው። ግን ስም ማወቅና ልጅ ማወቅ እንደማይገናኝ ሁለታችንም ገብቶናል።

«ደግሞ ተኩስ ቢነሳስ?» አለ ቀጥሎ። ሰዎች ሲጠይቁን ልንመልሰው የምንችለው ምክንያት ይሄ ነበር፤ ማንም አይፈርድበትም። ፍርሃቱም አለ፣ የለም አልልም። ግን እስከ ገና እንያት ብለን የተስማማነው በፍርሃት አልነበረም። እኔ የማስተምርበትን ክፍል ስለማውቀው ነው። አራት ልጅ በሚጨናነቅበት ወንበር ላይ፣ ለሦስት አንድ መጽሐፍ ይዛ፣ እጇን አውጥታ የማትጠራ ልጅ ሆና እንድትመለስ አልፈለግኩም። ለሰው ልጅ ግን ይበቃል ብዬ ልጠራ ወጣሁ።

ምዝገባው ላይ ከአንድ ወንድ ባልደረባዬ ጋር ነበርኩ። ከከተማው ዳር፣ ገብስ ማሳው ከሚጀምርበት፣ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤት ደረስን። ደጃፋቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ አንዱ አራተኛ ክፍል፣ አንዷ ሁለተኛ።

«አባቴ፣ አንቱ ካላስመዘገቧቸው ማን ያስመዘግባቸዋል?» አልኩ።

«ልጄ፣ ማስመዝገቡስ ባልከፋ» አሉ ቀስ ብለው። «ያ ድምፅ የተሰማ ለታ ግን ማን ነው የሚሰበስባቸው?»

«እኛ አለን አባቴ። ጥለናቸው አንሄድም።»

ትንሽ አዩኝ። «አንቺ ልጅ አለሽ?»

«አለችኝ።»

«ትገባለች?»

ባልደረባዬ መዝገቡን እያገላበጠ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ።

«ትገባለች» አልኩ።

«እንግዲያማ ጻፊያቸው» አሉ ሽማግሌው። ጻፍኳቸው። ስማቸውን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ሰረዝኩ።

ትምህርት በጥቅምት ተጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ ሆና «ልጅሽን ዩኒፎርም ለብሳ አላየኋትም» አለችኝ።

«ትንሽ አሟታል። ደረቷን ብርድ መትቷት ነው።»

«ውይ፣ ይማርልሽ» አለች። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረቻቸው ስድስት እንቁላሎች ይዛ በር ላይ አገኘኋት። «ቀቅለሽ ስጫት፣ ለደረት ጥሩ ነው» እያለች ሳለ ከባለቤቴ ክፍል መዶሻ ሲመታ ይሰማል። ከዚያ የልጄ ድምፅ፣ ከፍ ብሎ፣ «አባ፣ ምስማሩ ጠመመ፣ ሌላ ስጠኝ» አለ። የታመመ ሰው ድምፅ አይደለም።

ጎረቤቴ ወደ ድምፁ ዞር አለች፤ ወደ እኔም አየች። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ከነጠላዋ እየፈታች ሰጥታኝ ሄደች። ተከትያት ሮጬ ልመልስላት ይገባ ነበር። ይዣቸው ገባሁ።

በሳምንቱ ልጄ በሆዷ ይዛ የቆየችውን ጥያቄ ጠየቀችኝ። «እማ፣ በምንድን ነው የታመምኩት?»

«ማን ነገረሽ?»

«ሁሉም ይጠይቁኛል። ሱቅ ስሄድ ባለሱቁም ተሻለሽ ወይ አለኝ። ምን እንደምል ንገሪኝ።»

ምን እንደምትል አልነገርኳትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቅ መላኳን አቆምን። ይሄው ነው ውሸቱ ያመጣው፤ ያልታመመች ልጅ ቤት ውስጥ እንደ ታማሚ ተደበቀች።

ወሩ ሲገባደድ የጎረቤቴ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደሌለች አስተዋልኩ። ለስድስተኛ ክፍል ከተመዘገቡት ውስጥ ስሟ አለ፤ እናቷን አስመዝግቢያት ያልኳት እኔው ነኝ፤ ሁለት ሳምንት መጥታ ቀርታለች። እናቷን ከገበያ ስትመለስ ጠበቅኋት።

«ልጅሽ የት ሄደች?»

«ዳባት። አክስቷ ሻይ ቤት ከፍታ ታግዛታለች።»

«ትምህርቷስ?»

ጆንያዋን መሬት አስቀመጠች። «ያንቺ ልጅ ቤት ተቀምጣ ትማር የለም እንዴ? የኔም አክስቷ ቤት ናት።»

ጆንያዋን አንስታ ገባች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ስንተላለፍ ሰላምታ ብቻ ሆነ።

ክፍል ውስጥ ከሰማንያዎቹ የተመለሱት ከግማሽ ብዙም አይበልጡም ነበር። ባዶዎቹን ወንበሮች እያየሁ አስተምራለሁ። ሲያንሱ ደብተራቸውን ሁሉ ማየት ቻልኩ፤ ለካስ ማስተማር እችላለሁ ብዬ ደግሞ በዚያው አዘንኩ። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ከፊተኛው ወንበር ነው የሚቀመጠው። አንድ ቀን «ቲቸር፣ አያቴ ልጅሽ ተሻላት ወይ ብለህ ጠይቃት ብለውኛል» አለኝ። «እየተሻላት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን በልልኝ» አልኩ። በሐሰት የእግዚአብሔርን ስም ጠርቼ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

ርዕሰ መምህራችንም ቢሮው ጠራኝ። ሁለት ልጆቹ እዚያው ይማራሉ። አልተቆጣም። «የወላጅ ስብሰባ ላይ አስተማሪዎቻችን የራሳቸውን ልጆች እዚህ ነው የሚያስተምሩት ብዬ መናገር ፈልጌ ነበር» አለኝ። «ተነስቼ ልናገር ስል አንቺ ፊት ለፊት ተቀምጠሻል። ተውኩት።» «ይቅርታ» ብዬ ወጣሁ።

ኅዳር ላይ ዳባት ለቅሶ ደረስኩ። የባልደረባዬ አባት ሞተው ነው። የዚያን ቀን መንገዱ ክፍት ነበር፤ በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ፣ ለቅሶው ቤት እስከ እኩለ ቀን ቆየሁ። ወደ መናኸሪያው ስመለስ መኪናው ሰው እስኪሞላ ይቆያል ተባልኩ። ብርድ ነበር፤ ሻይ ልጠጣ ከመንገዱ ዳር ወዳለች ትንሽ ቤት ገባሁ። ይህን ሳደርግ ልጅቱን አስቤ አልነበረም። ዳባት ውስጥ ሻይ ቤት ስንት አለ? ትሪ ይዛ ብቅ ያለችው ግን እሷ ነበረች። የትምህርት ቤታችንን ሹራብ ለብሳለች፤ ከላዩ ሽርጥ አሥራለች።

«ቲቸር» አለችና ቆመች። ከዚያ «ምን ልታዘዝ?» አለች።

«ሻይ» አልኩ።

ሻዩን ከአንድ ቦምቦሊኖ ጋር አመጣች። ቦምቦሊኖው ከአሮጌ ደብተር በተገነጠለ ወረቀት ተይዟል። ወረቀቱ ላይ የአበባ ክፍሎች ተስለዋል፤ የማን ልጅ እንደጻፈው እንጃ። ሳየው አየችኝና «ይቺን አንብቤያታለሁ» አለች። «ቀጣዩ ገጽ ግን የለም፤ ፈልጌ አጣሁት።» ከዚያ «ልጅዎ ተሻላት?» አለችኝ።

ጎረቤት ሳለን አንቺ ነበር የምትለኝ። አሁን እንደ ማንኛውም ሻይ ጠጪ እርስዎ አለችኝ። ይሄ ከሁሉም ነገር በላይ ነካኝ።

«አልታመመችም» አልኳት። «ዋሽቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ምንም የተገረመች አትመስልም። «መዶሻው ይሰማን ነበር። እናቴ በእንቁላሎቹ ነው ያዘነችው። ዶሮዋ ያኔ ገና መጣል መጀመሯ ነበር።»

ሌላ ሰው ገብቶ ስላዘዘ ሄደች። ተመልሳ ጠረጴዛዬን እየጠረገች፣ ጠረጴዛው ንጹሕ ነው፣ «ቤት መማር ይሻላል እንዴ?» አለች።

«ለእሷ ተሻላት።»

«ለእኔስ?»

«ላንቺ አይሻልም።»

«ለምን?»

መልሱን አውቀዋለሁ። የእኔ ልጅ ቤት ቀረች ሲባል ሜትር የሚያስይዛት አባት፣ መጽሐፍ ያላት እናት፣ ውኃ ቅጂ፣ ልጅ ጠብቂ የማትባልበት ቀን አላት። የጎረቤቴ ልጅ ቤት ቀረች ሲባል ትሪ ነው የያዘችው። ይህን ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ፊቷ ላይ እንዴት ይሉታል? «ትምህርት ቤት ስለምትወጂ» አልኩ። ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳላመነችኝ ያስታውቃል። መኪናው ጥሩምባ ሲነፋ ተነሳሁ። ስስማት ሹራቧ የእንጀራና የጭስ ሽታ ነበረው።

በማግስቱ ወደ ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። ነጭ ሽንኩርት እየገመደች ነበር። ተቀመጪ አላለችኝም፤ ሳትለኝ ተቀመጥኩ። ልጄ እንዳልታመመች፣ ያስቀረኋት ክፍሉ ስለማያስተምራት እንደሆነ ነገርኳት። እጇን ሳታቆም ሰማችኝ።

«መዋሸትሽ አይደለም ያናደደኝ» አለች በመጨረሻ። «ሰው ይዋሻል። አንቺ አስተማሪ ነሽ፤ ውስጡን ታውቂዋለሽ። ለልጅሽ እንደማይሆን አውቀሽ አስቀረሻት። እኔን ግን መጥተሽ አስመዝግቢ አልሽኝ። ለልጅሽ ያልበቃው ለእኔ ልጅ ለምን ይበቃል አልሽ?»

«ይበቃል ብዬ አይደለም። ላንቺ ልጅ ሌላ ነገር ስለሌላት ነው።»

«ይህንኑ ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ» አለች። «እኔ እኮ ማንበብ የማልችል ሰው ነኝ። ትምህርት ቤቱ ጥሩ ይሁን መጥፎ የማውቀው አንቺን አይቼ ነው። አንቺ ልጅሽን ስታስቀሪ፣ እንግዲህ የሚያውቁት ነገር አለ ብዬ የኔንም አነሳሁ። ዳባት ቢያንስ አክስቷ ጋ ትበላለች።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ልጅቱን መልሺያት ስላት እምቢ አለች፤ ለእህቷ ቃል ሰጥታለች፣ እህቷ ደግሞ ብቻዋን ናት። እዚያው ዳባት ትማር ካልሽ ግን አልከለክልም አለች። ርዕሰ መምህሩን ጠይቄ መሸኛ አጻፍኩ፣ ይዤም ወረድኩ። እዚያ ያሉት ሴሚስተሩ እያለቀ ነው ብለው አንገራገሩ፤ ከሁለት ጊዜ ምልልስ በኋላ ተቀበሏት። አክስቷ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ስለሚበዛ ከሰዓት በኋላ ባለው ፈረቃ ትግባ አለች። በገበያ ቀን ግን እንደማትለቃት እዚያው ነገረችኝ። የተገኘው ይሄ ነበር።

የራሴ ቤት ነገር ከዚህ ይብሳል። ባለቤቴን «ገና ሲያልፍ ትገባለች» ስለው መላጊያውን አስቀመጠና አየኝ።

«ስለ ሰው ልጅ ብለሽ የራሳችንን ልትቀጪ ነው?»

«ትምህርት ቤት መግባት ቅጣት ከሆነ እኔ በየቀኑ አርባ ልጅ እየቀጣሁ ነው የምውለው» አልኩት።

በትዳራችን ውስጥ እንደዚያ ጮኼበት አላውቅም። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳላስበው ክፍሌ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ልጆቹ ወላጅ መጣ ብለው ተነሱለት። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩ እግሩ የተነቃነቀ ስለነበር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንቋቋል። እስከ እረፍት ቆየ። ቅዳሜ መሣሪያውን ይዞ ሄዶ የተሰበሩትን ወንበሮች ሲጠግን ዋለ። ልጄም አብራው ነበረች። «ትግባ» ያለኝ ከዚያ ሲመለስ ነው፤ ደስ ብሎት ግን አልነበረም።

ጥር ላይ ገባች። ፈትነዋት አራተኛ ክፍል አስገቧት፤ የእኔ ክፍል እንዳትሆን እኔው ጠየቅኩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለእያንዳንዱ ጥያቄ እጇን ታወጣለች። አስተማሪዋ ለሌሎቹም ተይላቸው አለቻት፤ ትክክል ናት፣ እኔም ብሆን እንዲያ ነበር የምላት። ልጆቹ «ኢንጂነር» እያሉ ሳቁባት። ከዚያ እጇን ማውጣት ተወች። ቤት ስትመጣ የምትጠይቀኝም እየቀነሰ ሄደ። በሌላ በኩል ጓደኛ አገኘች፣ ገመድ ዝላይ ተማረች፣ የማላውቀውን ዘፈን እየዘፈነች ትመጣለች። የትኛውን ከየትኛው ልቀንስ?

የካቲት ላይ አንድ ጠዋት ተኩስ ተሰማ። ራቅ ብሎ ነው የጀመረው፣ እየቀረበ መጣ። ልጆቹን ወለል ላይ አስተኝቼ በሩን ዘጋሁ። ልጄ ያለችበት ክፍል ከእኔ ክፍል በሜዳው ማዶ ነው፤ በመስኮቱ በሩ ይታየኛል። መሮጥ እችል ነበር። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ቀሚሴን ጨብጦ ይዞኛል። ጥለናቸው አንሄድም ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ሰዓት ያህል ወለሉ ላይ አብሬያቸው ተቀምጬ ተረት ነገርኳቸው። ዓይኔ ግን ከዚያ በር ላይ አልተነሳም።

ሲረጋጋ ወላጆች መጥተው ልጆቻቸውን ወሰዱ። የመጨረሻውን ልጅ ካስረከብኩ በኋላ ሜዳውን ተሻግሬ ሮጥኩ። ልጄ ከአስተማሪዋ ጋር ብቻዋን ተቀምጣለች። አባቷ መንገዱ ተዘግቶበት ሊደርስ አልቻለም ነበር። ላቅፋት ስል ወደ ኋላ አለች።

«ለምን አልመጣሽም?»

«ልጆች ነበሩብኝ።»

«እኔስ?»

«አስተማሪሽ ነበረችልሽ።»

«እሷ የኔ እናት አይደለችም» አለች። ቤት እስክንደርስ እጄን አልያዘችም።

አባቷ ያን ቀን አልወቀሰኝም። ልጁን አይቶ ፊቱን አዙሮ ቆየ። ሳምንት ቤት ዋለች፤ ከዚያ ራሷ ደብተሯን አዘጋጅታ ጠዋት በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ለምን እንደወሰነች አልጠየቅኳትም። ጓደኛዋን ልታይ ይሆናል።

አሁን አምስተኛ ክፍል ናት። ቅዳሜ ከአባቷ ጋር ትሠራለች፤ የምታወራው እዚያ ሲሆን ነው። ካሉን ልጆች ሁሉ ዝምተኛዋ ናት ይሉኛል አስተማሪዎቿ። የዚህን ዓመት ምዝገባ ስዞር እናቶች ሲጠይቁኝ እውነቱን ነው የምናገረው፤ ክፍሉ ምን እንደሚመስል፣ የእኔን ልጅ ምን እንደሰጣትና ምን እንደወሰደባት። አንዷ እስከ መጨረሻው ሰምታኝ «እንግዲያው ትንሽ ትቆይ» ብላ ልጇን ሳታስመዘግብ ቀረች። ይህንንም ተሸክሜ ተመለስኩ።

የጎረቤቴ ልጅ የስድስተኛ ክፍልን ፈተና ዳባት ተፈትና አለፈች፤ ለጥቂት። ለእንቁጣጣሽ መጥታ ነበር። ቁመቷ ጨምሯል። ከልጄ ጋር ሰጋቱራው ላይ ተቀምጠው ሲሳሳቁ ሰማኋቸው፤ እናቷም ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ትሰማለች። ልጅቱ ልትሄድ ስትል ወደ እኔ መጣችና «ሰባተኛን እዚህ ብማር መሸኛ ይጻፍልኛል?» አለችኝ። ይጻፍልሻል አልኳት። እናቷን ጠየቅኋት፤ እህቷን ሳታማክር መወሰን እንደማትችል ነገረችኝ። ልጅቱ ሰኞ በሚኒባስ ዳባት ተመለሰች። መልሱን እስካሁን አልሰማሁም።